የአያቴ ሽጉጥ ስንት ያወጣል?

አባባ ካረፉ አርባ ቀን ካለፈ በኋላ ሳጥናቸው ተከፈተ። ከጋቢያቸው፣ ከዕድር ደብተራቸውና ከአንድ የቆዳ ቦርሳ ሥር፣ በአሮጌ ፎጣ ተጠቅልሎ ሽጉጡ ወጣ። አዲስ ነገር አልነበረም፤ መኖሩን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ እኛ ሰፈር ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል። "የእኛ አያት ሽጉጥ አላቸው፤ አድዋ ላይ ከጣሊያን መኮንን የተማረከ ነው" እያልን ስንት ጊዜ ጉራችንን ነዝተናል።

ክርክሩ የተነሳው እዚያው ሳጥኑ ፊት ነው። አጎቴ "ይሄ እኮ ቅርስ ነው፤ ፈረንጅ ቢያገኘው ሚሊዮን ይከፍልበታል" አለ። አክስቴ ደግሞ "እኔ ልጆች ባሉበት ቤት ይሄ እንዲያድር አልፈልግም፤ ነገ ፖሊስ ጣቢያ ይግባ" አለች። በሕግ በኩል ትክክሏ እሷ ነበረች። ፈቃዱ በአባባ ስም ነው፤ አባባ ደግሞ የሉም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ያስጠይቃል። ስለዚህ መሸጥ የሚባለው ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም። ግን አጎቴ የሚሰማ ሰው አይደለም። "እሺ ይግባ፤ ከመግባቱ በፊት ግን ምን እንደምናስረክብ እንወቅ" አለ።

እኔም በዚህ ተስማማሁ። እኔ የፈለግኩት ገንዘቡን ሳይሆን የአድዋውን ነገር ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሳምንት ውጤት ነው። (ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

ብረቱ ምን ይላል?

በደርግ ጊዜ በጦሩ የመሣሪያ ጥገና ክፍል የሠሩ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ በሰፈራችን አሉ። አጎቴ ለመናቸው፤ መጡ። ቡና ቀረበ፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ ሽጉጡን ጠየቁ።

ያሮጌ ሽጉጥ ምርመራ እንዴት እንደሚካሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው። በመጀመሪያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ግድግዳ አዞሩ። በጎን በኩል ያለችውን ትንሽ የጥይት ማስገቢያ በር ከፈቱና ጥይት የሚጎርሰውን ከበሮ አንድ በአንድ አዙረው ስድስቱንም ቀዳዳ አዩ። ባዶ ነው። "ባዶ ነው የተባለ ሽጉጥ ነው ሰው የሚገድለው" አሉ፤ ማንም አልሳቀም።

ቀጥለው ከበሮውን በሁለት ጣት ይዘው ወደፊትና ወደኋላ፣ ግራና ቀኝ ነቀነቁት። ብዙ የተተኮሰበት ሽጉጥ ከበሮው ይላላል፤ ከአፈሙዙ ጋር መስመሩን ይስታል። የእኛው እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ መምቻውን ወደኋላ ስበው ሲቆም ከበሮው ቀጥ ብሎ መቆለፉን በጆሯቸው አዳመጡ። በሩን እንደከፈቱ ቃታውን ሲስቡ ከበሮው ዞረ፤ መምቻው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። "ይሄ ጥሩ ብልሃት ነው፤ ስታጎርስ ድንገት እንዳይባርቅ ነው እንዲህ ያደረጉት" አሉ።

ከዚያ ነጭ ወረቀት ከአፈሙዙ ሥር አድርገው የስልክ መብራት አበሩበትና በሌላው ጫፍ አጮልቀው አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ለእኔም ሰጡኝ። በአፈሙዙ ውስጥ የሚዞሩት ጥምዝ መስመሮች፣ ጥይቷን አሽከርክረው የሚልኩት ማለት ነው፣ ጥርት ብለው ይታያሉ። ጥቂት የዝገት ነጥብ አለ፤ መስመሮቹ ግን አልተበሉም።

በመጨረሻ ውጪውን መረመሩ። እዚህ ላይ ፊታቸው ተለወጠ። "ይሄን ማነው እንዲህ ያደረገው?" አሉ። አጎቴ አቀረቀረ። ለካ ከሁለት ቀን በፊት "ለማሳመር" ብሎ አንዱን ጎን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎታል! ሃምሳ አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁ። የድሮ ብረት ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ለብልጭልጩ አይደለም። ፋብሪካው የሰጠው ጥቁር ቀለም፣ ያልተነካ ብሎን፣ ያልተፋቀ ጽሑፍ ካለ ነው ዋጋ የሚሰጡት። ዝገትን በዘይትና በጨርቅ ማቆም ይቻላል፤ የተፋቀን ቆዳ ግን ማንም አይመልሰውም። "ሚሊዮንህን በወረቀት ፋቅኸው" አሉት።

ባልተፋቀው ጎን ግን አንድ የሚነበብ ነገር ነበር። ከአፈሙዙ ጫፍ አካባቢና ከከበሮው ጠርዝ ላይ ጥቁሩ ቀለም ሙልጭ ብሎ ብረቱ ነጥቷል። ይህ የጥይት ሥራ አይደለም፤ የቆዳ ሥራ ነው። ሽጉጡ ከማኅደሩ ሲወጣና ሲገባ፣ በወገብ ላይ ሲወዛወዝ፣ ቆዳው ቀስ በቀስ የሚበላው እዚያው ቦታ ነው። የእጀታው እንጨትም በመዳፍ ብዛት ለስልሷል።

ሃምሳ አለቃው ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አደረጉትና እንዲህ አሉ፦ "ውስጡ አልተበላም፣ ውጪው ተበልቷል። ይሄ የተተኮሰበት ሽጉጥ አይደለም፤ የተታጠቁት ሽጉጥ ነው።"

ይህን አባባል ያኔ ብዙም ልብ አላልኩትም።

1917

ያልተፋቀው ጎን ላይ የላቲን ፊደል ነበር። በጥርስ ብሩሽና በትንሽ ዘይት አጸዳነው። "ካስቴሊ፣ ብሬሺያ" ይላል። ከሥሩ አራት አሃዝ፦ 1917።

ብሬሺያ በሰሜን ጣሊያን ያለች፣ ከጥንት ጀምሮ መሣሪያ በመሥራት የምትታወቅ ከተማ ናት። ሽጉጡ ቦዴዮ የሚባለው ነው፤ የጣሊያን ጦር እ.ኤ.አ. በ1889 የተቀበለው፣ 10.35 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ፣ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ባለ ስድስት ጎራሽ። ሞዴሉ ከአድዋ በፊት የነበረ ስለሆነ የቤታችን ታሪክ እስከዚህ ድረስ ሊሆን የሚችል ነገር ነበር። ግን አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ እ.ኤ.አ. 1896። ይህ ሽጉጥ የተሠራው አድዋ ከሆነ ከ21 ዓመት በኋላ ነው። የአባባ አያት አድዋ ላይ ሊማርኩት አይችሉም፤ ምክንያቱም ገና አልተወለደም።

ሌላም አለ። ቦዴዮ በሁለት ዓይነት ነው የተሠራው። የመኮንኖቹ ቃታ በክብ ብረት የተከለለ ነው፤ የተራ ወታደሮቹ ቃታ ደግሞ ክብ ብረት የለውም፣ ወደፊት ይታጠፋል። የእኛው ይታጠፋል። እንግዲህ አድዋም አይደለም፣ የመኮንንም አይደለም።

አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ታድያ ይሄን ለማንም አንንገር" አለ።

ታሪክ ዋጋ ሲጨምር

አጎቴን አትፍረዱበት። የድሮ ሽጉጥ ዋጋ ግማሹ ብረት ነው፣ ግማሹ ወሬ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ወሬ ነው።

ለዚህ ከሁሉም የሚበልጠው ምሳሌ ሐረር ያላችሁ በቤቱ የምታውቁት ሰው ነው፦ አርተር ራምቦ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1873 ብራስልስ ውስጥ ገጣሚው ፖል ቨርሌን ሞንቲኚ ከሚባል መሣሪያ ሻጭ በ23 ፍራንክ አንድ ለፎሾ ሽጉጥ ገዛ። ያንኑ ቀን ሰክሮ፣ ጥሎት ሊሄድ በነበረው ወዳጁ ላይ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። ራምቦ ያኔ 18 ዓመቱ ነው፤ አንደኛዋ ጥይት ግራ አንጓው ላይ መታችው። ቨርሌን ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ያ የ23 ፍራንክ ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ፓሪስ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ 434,500 ዩሮ ተሸጠ። ሰባት ሚሊ ሜትር የሆነች፣ በዘመኗ በየሱቁ የምትገኝ ተራ ሽጉጥ ናት። የተከፈለው ለዚያች ለአንዷ ጥይት ነው።

የቦዴዮ ሽጉጥ ግን በብዛት የተሠራ ነው፤ ታሪኩን ካነሳችሁለት ተራ አሮጌ ብረት ይሆናል። እንግዲህ የአጎቴ "ሚሊዮን" ያረፈው ብረቱ ላይ ሳይሆን "አድዋ" የሚለው ቃል ላይ ነበር ማለት ነው። ታሪክ ዋጋ የሚጨምር ከሆነ፣ ታሪኩን የሚያሳድግ ሰው አይጠፋም። አባባ ዋሽተዋል አልልም። እሳቸውም እንደሰሙት ነው የነገሩን። ግን በየትውልዱ አንድ አንድ ነገር እየታከለበት የተራ ወታደሩ ሽጉጥ የመኮንን ሆነ፣ የኋላው ዘመን አድዋ ሆነ።

የማይታለለው ገዢ

ራምቦ ግጥሙን ትቶ ወደ እኛ አገር የመጣው ነጋዴ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1886 ከታጁራ ሲነሳ ቅፍለቱ 2,040 ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ጭኖ ነበር። ገዢው ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ናቸው።

ጠመንጃዎቹ አዲስ አልነበሩም። ራምቦ ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ፣ በቆብ የሚተኮሱ አሮጌዎች መሆናቸውን አልደበቀም። ሊዬዥ ወይም ፈረንሳይ ውስጥ ባሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ አንዱ 7 ወይም 8 ፍራንክ ነው፤ ለሸዋው ንጉሥ ግን ወደ 40 ፍራንክ ይሸጣል ብሎ አስልቶ ነበር። አምስት እጥፍ ትርፍ!

እ.ኤ.አ. የካቲት 1887 አካባቢ ሸዋ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀው። ምኒልክ ሐረርን ይዘው መመለሳቸው ነው፤ ግብጾች ትተዋቸው የሄዱት የሬሚንግተን ጠመንጃዎች እጃቸው ገብተዋል። ሬሚንግተን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው፤ የራምቦው ከአፉ የሚጎርስ። ንጉሡ መሣሪያ ያውቃሉ፣ ገበያውንም ያውቃሉ፤ ነጋዴው ዕቃውን ይዞ በበረሃ መመለስ እንደማይችልም ያውቃሉ። ዋጋውን ሰበሩት። የሞተው ሸሪኩ የላባቱ ዕዳ ነው እየተባለም ሌላ ተቀነሰበት። የቀረውን በጥሬ ገንዘብ እንኳ አላገኘም፤ ሐረር ሄዶ ከራስ መኮንን እንዲቀበል ወረቀት ተጻፈለት። ራምቦ ለፈረንሳይ ቆንስላ ሲያማርር ከረመ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ እስቃለሁ። አውሮፓ የጣለችውን ብረት አምስት እጥፍ ሊሸጥልን የመጣ ሰው ከእሱ የተሻለ ገማች ገጠመው። እንዲህ ያለ ገማች ነው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አድዋ ላይ ከአውሮፓ ጦር ጋር የሚመጣጠን መሣሪያ ይዞ የተገኘው። ቅድም አያቶቻችን ከእነዚህ ጠመንጃዎች ጋር ምን ያህል እንደተዋወቁ በስማቸው ማየት ይቻላል። የእንግሊዙን ስናይደር "ስናድር"፣ የፈረንሳዩን ፉዚል ግራ "ውጅግራ"፣ ለቤሉን "ለበን" ብለው በአፋቸው ልክ ሰፍተዋቸዋል።

ግን የገዢው ብልጠት ግማሹ ታሪክ ነው። ዋጋው ማን ከፈለው?

በሰው የተተመነ

መልሱ የእኛው ከተማ ላይ ነው። ሆሳዕና ከዚያ በፊት ዋቸሞ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲያችን አሁንም በዚያ ስም ይጠራል። የበዓሉን ስም ያወጡላት የከምባታ ገዢ የነበሩት ራስ አባተ ቧያለው ናቸው ይባላል። አባተ አድዋ ላይ ከባልቻ ጋር የመድፈኛው ክፍል አዛዥ ነበሩ። በአድዋ ዘመቻ ስማቸው የተጠራው ሰው፣ በእኛ አካባቢ የሚታወቁት በገዢነት ነው። ይህ ድንገት የሆነ አይደለም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ራስ ጎበና የቀቤናውን ሐሰን ኢንጃሞን አሸነፉ፤ ከዚያ ሐዲያና ከምባታ ተከትለው ተያዙ። ያው መሣሪያ፣ ብዙ ጊዜም ያው ሰው፣ አድዋ ላይ ነፃነት ያስከበረ፣ እዚህ ደግሞ ግብር ያስገባ ነው። ሁለቱንም እኩል መናገር ያስቸግረናል፤ አንዱን ስንናገር ሌላውን እንውጣለን።

ከሰሜን የመጣው ወታደር ደሞዝ አልነበረውም። መንግሥት የሚከፍለው ጥሬ ብር ስለሌለው በብር ፋንታ ሰው ሰጠው። ለእያንዳንዱ ወታደር እንደ ማዕረጉ ቁጥሩ የሚለያይ ገባር ይመራለታል። ገባሩ እህልና ማር ያመጣል፣ ማገዶ ይሸከማል፣ የጌታውን ማሳ ያርሳል፣ አጥሩን ያጥራል፤ ሚስቱ እህል ትፈጫለች። ስሙ ራሱ ይናገራል፦ ነፍጠኛ ማለት ባለ ነፍጥ፣ ባለ ጠመንጃ ማለት ነው። ጠመንጃ ያለው ይቀበላል፣ የሌለው ይሰጣል።

ስለዚህ በእኛ አካባቢ የጠመንጃ ዋጋ በፍራንክ ወይም በጠገራ ብር ብቻ ሲጻፍ ሂሳቡ ይጎድላል። ዋጋው በሰው ነበር የሚቆጠረው፤ በሌላ ሰው የሥራ ቀን፣ በሌላ ሰው የማር ገንቦ።

እኔ የዚህ ሂሳብ የሁለቱም ወገን ልጅ ነኝ። በአባቴ በኩል ከሸዋ ወታደር ሆኖ የመጣ ሰው አለ፤ እሱም ደሃ ገበሬ ሆኖ ነው ከአገሩ የወጣው። በእናቴ በኩል ሐዲያ ነኝ፤ የእናቴ እናት የሌሞ ልጅ ናቸው፣ አባታቸው ገባር ነበሩ። ሆሳዕና ውስጥ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። ሰርግ ላይ አንድ ላይ እንጨፍራለን፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን ቁጭ ብለን አናወራም።

ከቁሊቶ ወዲህ

ወደ ሽጉጡ ልመለስ። 1917 ላይ ከተሠራ፣ ወደ እኛ ቤት መቼ መጣ?

የጣሊያን ወታደር እጅ ያለ መሣሪያ በብዛት እኛ አካባቢ የገባው በ1928 ወረራ ነው፤ በብዛት ሜዳ ላይ የቀረው ደግሞ በ1933 ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር የእንግሊዝ ጦር ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ ሲገፋ፣ ጎረቤታችን ቁሊቶ ላይ፣ ብላቴ ወንዝ አጠገብ፣ ከባድ ውጊያ ሆነ። ግንቦት 11 ቀን የጣሊያን ታንኮች ድንገት በመልሶ ማጥቃት ሲመጡ፣ ናይጄል ሊኪ የሚባል የኬንያ ጦር ሳጅን ከኋላ በመጣው ታንክ ላይ ዘልሎ ወጣ። ክዳኑን በእጁ ፈልቅቆ ከፈተና አዛዡን በሽጉጥ ገደለው፤ ከሾፌሩ በቀር ሌሎቹንም እንደዚሁ። ሾፌሩን አስገድዶ ታንኩን ወደ ከለላ አስነዳው። ሌላ ታንክ ላይ ሊደግመው ሲሞክር ተገደለ። እንግሊዝ ከፍተኛውን የጀግንነት ኒሻን፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ ከሞተ በኋላ ሰጠችው። የሊኪ ጉዳይ ሽጉጥ በአካባቢያችን ለተሠራበት ሥራ ጥሩ ምስክር ነው፤ ለቅርብ፣ ለአንድ ክንድ ርቀት የተሠራ መሣሪያ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 14፣ ሶዶ ተያዘች፤ ሁለት የጣሊያን ጄኔራሎችና በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት እጅ ሰጠ። እጅ የሰጠ ሠራዊት መሣሪያው የት ይደርሳል? ጥቂቱ ይሰበሰባል። ሌላው በየጓሮው፣ በየገበያው ይሄዳል።

የእኛውን መንገድ የነገሩን የአባባ ታናሽ እህት ናቸው። ዘጠና ዓልፈዋል፤ እትዬ እንላቸዋለን። አጎቴ የ1917ን ነገር ደብቆ "እትዬ፣ ሽጉጡ የአድዋ ነው አይደል?" አላቸው። ሳቁበት።

"ምን አድዋ? አባቴ የገዛው ነው እንጂ። ጣሊያን በወጣ በዓመቱ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሰውዬው ግቢያችን መጥቶ ሲያሳያቸው አስታውሳለሁ። በአንድ በሬና በማር ነው የገዙት።"

"ስንት ማር?"

"እንጃ፤ ብዙ ገንቦ ነበር። ግቢው ሁሉ ንብ ወሮት ነበር።"

የእናቴ እናት፣ እማማ፣ በዚያ ቀን ለቅሶ ሊጠይቁ መጥተው ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ቀስ ብለው ጠየቁ፦

"እናንተ ንብ ነበራችሁ እንዴ?"

እትዬ ወዲያው አልመለሱም። ስኒያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ፣ ሳይቆጡም ሳይሸሹም፣ "አልነበረንም፤ የሚያመጡት ገባሮቹ ነበሩ" አሉ።

"እህ" አሉ እማማ። "አባቴም ማር ያገባ ነበር።"

ከዚያ እትዬ የእማማን እጅ ያዙ። ሁለቱ ሴቶች ብዙ ሳይነጋገሩ ቡናውን እስከ በረካ ጠጡ።

ለምን ገዙት?

ማታ ላይ የሃምሳ አለቃው ቃል ትዝ አለኝ፦ የተታጠቁት ሽጉጥ።

አስቡት። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ የገባሩን ሥርዓት ሽሬያለሁ ብሎ ነበር፤ የድሮውን ጌታ ለማዳከም እንጂ ለገባሩ አዝኖ አይደለም። ከነፃነት በኋላ ባለ ነፍጦቹ ወደ ድሮ ቦታቸው ተመለሱ። ግን ገባሩ ጌታው ሲሸነፍ፣ ሲሸሽ፣ ሲደበቅ አይቷል። ድሮ እንደነበረው ዝም ብሎ ማር ያመጣል? የእኔ ቅድም አያት በዚያ ዓመት በሬና ያን ሁሉ ማር ከፍለው ሽጉጥ የገዙት ሊተኩሱበት አልነበረም። ውስጡ ይመሰክራል። ወገባቸው ላይ እንዲታይ ነበር። ውጪው ይመሰክራል። ግብር የሚያስገባ ሽጉጥ መተኮስ የለበትም፤ መታየት ብቻ ነው ያለበት። ሽጉጡን የገዛውም ያው ግብር ሆኖ የገባው ማር ነው። ገባሩ ራሱን የሚያስፈራራበትን መሣሪያ በራሱ ማር ገዛ ማለት ነው።

በ1934 እና በ1937 የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች የጉልበቱንና የዓይነቱን ግዴታ በገንዘብ ግብር ቀየሩት፤ ከወረቀት ወደ መንደር እስኪወርድ ግን ጊዜ ወሰደ። መሬቱ ራሱ ከጌታው እጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ሽጉጡ ከዚያ በኋላ ሳጥን ውስጥ ገባ። ሥራው አልቆ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ነው "አድዋ" የሆነው ብዬ እገምታለሁ። በማር የተገዛ ነው ብሎ ለልጅ ከመንገር፣ ከጣሊያን የተማረከ ነው ማለት ይቀላል። እውነተኛው አድዋ ደግሞ እንዲህ ያለ ብድር አያስፈልገውም።

ሁለት ዋጋ

ሃምሳ አለቃው ሲሄዱ አጎቴ አልቻለም፤ "ለመሆኑ ስንት ያወጣል?" አላቸው። ብረቱ ደህና ነው፣ አንድ ጎኑ ተበላሽቷል፣ ሞዴሉ ብዙ የተሠራ ነው፣ እዚህ አገር መሸጥ አይቻልም፤ "ስለዚህ ምንም አያወጣም" አሉት።

እኔ ግን ሁለት ዋጋ አለው እላለሁ። አንዱ አሁን የሚያወጣው ነው፤ እሱ ምንም ነው። ሌላው የወጣበት ነው፤ አንድ በሬና ቁጥሩ የጠፋ የማር ገንቦ። የመጀመሪያውን ባለሙያ ይነግራችኋል። ሁለተኛውን የሚያውቁት አሮጊቶች ናቸው፣ እነሱም እያለፉ ነው።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ብረት ካለ ጥቂት ነገር ልበላችሁ። ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ የሚያውቅ ሰው ይክፈተው። አትፈግፍጉት። ጽሑፉንና ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። ከዚያ ወደ ሕግ ከመውሰዳችሁ በፊት በዕድሜ ትልቁን የቤተሰብ ሰው "በምን ነው የተገዛው?" ብላችሁ ጠይቁ። "ማነው የማረከው?" አትበሉ፤ መልሱን አስቀድማችሁ ሰጣችኋቸው ማለት ነው።

ሽጉጡን ማክሰኞ ዕለት አስረከብን። አክስቴ ፈረመች። መዝጋቢው ቁጥሩን ጻፈና "ከየት የተገኘ?" ብሎ ጠየቀ። አጎቴ አየኝ፤ እኔም አየሁት። "የተገዛ ነው" አለ አጎቴ።

ስንመለስ በእማማ ቤት በኩል አለፍን። ቆጮና አይብ ቀርቦ ነበር። ሽጉጡ የት እንደደረሰ አልጠየቁንም። እትዬ ግን ቀድመውን መጥተው ከጎናቸው ተቀምጠዋል።